ያልተዋጠው አሞክሳሲሊን

ሰኞ፣ ጥር 5
ዛሬም ሽንኩርት አሳረርኩ። ድስቱ ላይ ቆሜ! አስተናጋጇ ቢፍቱ ከአዳራሹ ሸቷት እየሮጠች መጣች። እኔ ምንም። አፍንጫዬ ውስጥ ሥጋ በቅሎ ዘግቶታል... ማሽተት ከተውኩ ስድስት ወር። አለቃዬ አስገዶም በትህትና ነገረኝ፤ ታክሜ ካልተሻለኝ ከምድጃው አንስቶ ስቶር ያስገባኛል። አሥራ ሁለት ዓመት ካዛንቺስ ወጥ ሠርቼ ሽንኩርት ልቆጥር?

ረቡዕ፣ ጥር 14
ነገ ነው። ዶክተር ዳናይት ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ በአፍንጫዬ አስገብታ ሥጋውን ታወጣዋለች። ፊቴ አይቀደድም፣ ተመስገን። ኢንፌክሽን እንዳይፈጠር ከመጀመራቸው በፊት አንድ አንቲባዮቲክ በደም ሥር... በቃ። የሚዋጥስ? አልኳት። አንቺ አያስፈልግሽም፣ ያለ ምክንያት ሲወሰድ ጀርሞቹ ይለምዱታል አለች። አንድ መርፌ ብቻ? ኧረ እኔ እንጃ...

ቅዳሜ፣ ጥር 17
ቤቴ ነኝ፣ ላንቻ። አፍንጫዬን በጨው ውሃ ማጠብ፤ መናፈጥ ክልክል። ጎረቤቴ እትዬ ራቢያ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ይዘው መጡ። የሰፈሩ ፋርማሲ! ከማን እንደተረፈ የማይታወቅ ኪኒን ሁሉ አለበት። አሞክሳሲሊን መርጠው ዋጪ አሉኝ። ዶክተሯ አያስፈልግም ብላለች ብላቸው ገላመጡኝ።
"መነን፣ ቆራርጠውሽ ባዶ እጅሽን ሰደዱሽ? ወላሂ ጉድ ነው።"

ሰኞ፣ ጥር 19
አልዋጥኩም። የሰጡኝ ሁለት ፍሬ ትራሴ ሥር አለ ግን...

ማክሰኞ፣ ጥር 27
ቁስሉ ንጹህ ነው አለች ዶክተር ዳናይት። መግል የለ፣ ትኩሳት የለ። ሽታውስ? ታገሺ። አስገዶም ደወለ፤ ሰኞ ይጠብቀኛል። እስከዚያ ካልሸተተኝ ስቶር ነው።

ዓርብ፣ ጥር 30
እትዬ ራቢያ ትዕግስታቸው አለቀ። የልጅ ጉልበት ሲላጥ ቁስሉ ላይ ለመነስነስ እንደሚያደርጉት እንክብሉን ከፍተው ዱቄቱን መዳፋቸው ላይ አፈሰሱ። ካልዋጥሽ አፍንጫሽ ውስጥ እፍ እልልሻለሁ ብለው አስጠጉት።
"ኤጭ! ምን ይገማል!" አልኩ።
ቆይ... ሸተተኝ እንዴ? እጃቸውን ይዤ ደግሜ አሸተትኩ። ይገማል! እውነት ይገማል! ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጣ። እሳቸውም ዱቄቱን ቀሚሳቸው ላይ ጠርገው አቀፉኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 3
ምድጃዬ ላይ ዋልኩ። ሽንኩርቱ ሊያር ሲል ቀድሜ አወረድኩት። ቢፍቱ በር ላይ ቆማ ስታይ ነበር፣ ሳቀችብኝ።
እትዬ ራቢያማ ለሰፈሩ እያወሩ ነው፤ መነንን ያዳናት የኔ አሞክሳሲሊን ነው፣ ሳይዋጥ በጠረኑ ብቻ! አልተከራከርኩም። በምትኩ ቆርቆሮውን ለመንኳቸው፣ ሰጡኝ። ኪኒኖቹን ፋርማሲ አስረክቤ፣ ቆርቆሮውን አጥቤ ቅርንፉድ ሞላሁበት። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ክዳኑን እከፍታለሁ።