በስምህ የተጫወትኩበት ክረምት

ውድ ወንድሜ ሰይፈሚካኤል፣

አሁን ከምሳ በኋላ ነው። አብረውኝ ያሉት ልጆች ተጋድመዋል፤ እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ትናንት ደውለህ ከነገርከኝ ወዲህ እህል አልወረደልኝም። አሰላ ያለው ክለብ ለወጣት ቡድኑ ከደራ የታዳጊዎች እግር ኳስ ፕሮጀክት አንተን ብቻ መምረጡን፣ እስከ ሰኞ የልደት ካርድህን ይዘህ እንድትቀርብ መባልህን፣ እማዬም ሳጥኗን ሦስት ጊዜ ገልብጣ ካርዱን ማጣቷን ነገርከኝ። "ዲቤ፣ አንተ አይተኸው ይሆን?" አልከኝ። እኔም አላየሁም፣ በደንብ ፈልጉ ብዬ ስልኩን ዘጋሁብህ።

አይቼዋለሁ። ይኸው አሁንም ጉልበቴ ላይ ነው። የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምነው ያኔውኑ በስልክ አልነገርከኝም ትለኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ፈራሁ። ሁለተኛ፣ ይህ ነገር በወረቀት መስፈር አለበት፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርስበታለህ። አደራህን፣ ተናደህ መሃል ላይ እንዳትቀደው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ሲካሄድ ከየክለቡ መልማዮች መጥተው እንደነበር ነግሬህ ነበር። ያልነገርኩህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ውድድሩ ባለቀ ማግስት አሰልጣኛችን ሰብስቦን፣ ክለብ የጠየቃቸውን ልጆች ስም ከወረቀት አነበበልን። አራት ናቸው። መጀመሪያ የተጠራው ብዙነህ ነው፣ ያ ፋሲካን ደራ ከእኛ ጋር የዋለው የዶርሜ ልጅ። እኔ የታኬታዬን ክር እየፈታሁ፣ መልሼ እያሰርኩ ስሜን ጠበቅሁ። አሰልጣኙ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሌላው ሲወጣ ለብቻዬ ያዘኝና፣ "ዲበኩሉ፣ ኳስ አላጣህም፤ ያለፈህ ዕድሜ ነው። ሃያ አራት ዓመት የሞላውን ወስዶ የሚያሳድግ ክለብ የለም" አለኝ።

ሃያ አራት! እማዬ ቤት ስመጣ ገና ራሴን እየዳበሰች ታጎርሰኛለች፤ ለኳስ ግን ሽማግሌ ሆኛለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይመረጡ የቀሩት ልጆች የት እንደሚደርሱ ማሰብ ሥራዬ ሆነ። ከእኔ በፊት ከተመረቁት አንዱ ዓለም ጤና ከተማ ስፖርት ያስተምራል፤ እሱ ዕድለኛው ነው። አንዱ ባጃጅ ይነዳል። አንዱ ጉልበቱ ላይ ፋሻ ጠምጥሞ በየሰፈሩ የክረምት ዋንጫ ለከፈለው ሁሉ ይጫወታል። በረኛችን የነበረውን ደግሞ አዳማ ፍራንኮ ሰፈር የስልክ ሽፋን ሲሸጥ አገኘሁት፤ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። እኔም አዞርኩ። ሥራው አይደለም ያስፈራኝ ሰይፉ፣ ሠርቶ መብላት ምን ነውር አለው። የፈራሁት ከልጅነቴ ጀምሮ የሮጥኩለት ነገር፣ ማንም ቁርጡን ሳይነግረኝ፣ እንዲሁ በዝምታ ሲያልቅ ማየቱን ነው።

ጂብሪል የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ተጫዋችና ክለብ የሚያገናኝ ደላላ ነው፤ አንደበቱ ቅቤ። አንድ የከፍተኛ ሊግ ክለብ ዕድሜው ከሃያ በታች የሆነ አማካይ እየፈለገ ነው አለኝ። የክለቡን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ እነሱ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም። ዕድሜዬን ስነግረው ሳቀብኝ።

"ዕድሜ ያልቀነሰ ማን አለ? ታናሽ ወንድም የለህም?"

አለኝ አልኩት። በዚያ ቃል ነው የሸጥኩህ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሥራ ፍለጋ አዳማ ልቆይ ነው ብዬ ልብሴን ልወስድ የመጣሁ ቀን ትዝ ይልሃል? እማዬ ገበያ ነበረች፤ አንተ ሜዳ ነበርክ። ካርድህ በክት ነጠላዋ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ሥር አገኘሁት። ካርዱን አወጣሁና ነጠላውን እንደነበረው አጥፌ መለስኩት። ከመውሰዴ ይልቅ ያ አስተጣጠፌ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ። የአባት ስማችን አንድ፣ የእናት ስማችን አንድ፤ የጎደለው ፎቶ ብቻ ነበር። እሱንም ጂብሪል ኮፒው ላይ የእኔን አስገብቶ ጨረሰው። ዋናውን ግን አላስነካሁትም፣ እመነኝ።

ሙከራውን አለፍኩ። ወይ ጉዴ፣ እንዴት እንደተጫወትኩ ባየኸኝ! በሕይወቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ የሚያስሮጠኝ ግን ፍርሃት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በስምህ እኖራለሁ። በየማለዳው ሌሎቹ ሳይነሱ ጺሜን ሙልጭ አድርጌ እላጫለሁ። ሜዳ ላይ "ሰይፉ! ሰይፉ!" እያሉ ሲጠሩኝ አልዞርም። አሰልጣኙ ጆሮህን ያምሃል እንዴ ሲለኝ፣ አዎ፣ ግራው በደንብ አይሰማም አልኩት። ይኸው በውሸቴ ላይ ደንቆሮም ሆኛለሁ። የልደት ቀን ሲጠይቁኝ ብቻ አልተሳሳትኩም። ኅዳር ሚካኤል፣ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገድ ሄዶ ነበር። እማዬን ምጥ ሲይዛት አዋላጇን እትዬ ዲንቄን ሮጬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ገና የአምስት ዓመት ልጅ። ወንድ ነው ብለው ሲነግሩኝ "ኳስ ይችላል?" ብዬ ጠየቅሁ አሉ። እማዬ እስካሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታወራውን ታውቀው የለ። ያንን ቀን ነው የእኔ ነው ብዬ ቅጽ ላይ የሞላሁት።

ፈተናው ገና መቼ አልቆ። ክለቡ ለዝግጅት የት ይግባ ቢባል አዳማን መረጠ! አራት ዓመት ሙሉ ዲበኩሉ ተብዬ የኖርኩባትን አዳማ። ያለ ኮፍያ ከካምፑ ወጥቼ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ከቡድን መሪው ከኦቦ ገመዳ ጋር ፋርማሲ ስንሄድ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ እርጥብ፣ ያን ዳቦ በድንች፣ የምትሸጥልን ኢፍቱ ከማዶ አየችኝ። ዲቤ፣ ጠፋህ እኮ፣ ተመረቅሁ ብለህ ነው ወይ ብላ ጮኸች። ኦቦ ገመዳ ዞረው አዩኝ። የቤት ስሜ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ "ጥሩ ስም ነው፤ ለምን ደበቅኸው?" አሉኝ።

አውቀው ይሆን? ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ፈገግታ ስፈታ ነው የከረምኩት። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሊጠሩኝ ይመስለኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የምትለው የእማዬ ተረት ያለ ነገር አይደለም።

ትናንት አንተ ስትደውል ግን ይህ ሁሉ ቀላል ሆነብኝ። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ለራሴ ነበር። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ልፈርም ቀጠሮ አለኝ። ከፈረምኩ ስምህ ከእኔ ፎቶ ጋር ፌዴሬሽን ይመዘገባል። ሰኞ አንተ አሰላ ሄደህ ሰይፈሚካኤል ኃይለየሱስ ነኝ ስትል፣ መዝገቡን ከፍተው እሱማ ሌላ ክለብ ነው ይሉሃል። በገዛ ስምህ አጭበርባሪ ትባላለህ። ጨንቆኝ ለጂብሪል ደወልኩለት። "ይሄ ምን ያስጨንቃል? ለወንድምህም የሌላ ልጅ ወረቀት እንፈልግለታለን" አለኝ። የጠፋ ካልሲ የሚተካ ይመስል። ያ ሌላው ልጅስ ማነው? እሱስ ሜዳ ላይ ስሙ ሲጠራ ምን ይላል?

ስለዚህ አልፈርምም። ነገ ኦቦ ገመዳ ዘንድ ገብቼ ስሜን እናገራለሁ። ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ፖሊስ ይጠሩብኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ሊያግዱኝም ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሰፈር ዋንጫው እንኳ ሊቀርብኝ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ኮፒውን አስቀድመው በቴሌግራም ለፌዴሬሽን ልከውት እንደሆነ አላውቅም። ልከውት ከሆነ የእኔ አለመፈረም ብቻ አያድንህም። በወረቀት የጻፍኩልህ ለዚህ ነው።

ዋናው ካርድህ ፖስታው ውስጥ አለ። የደራው ሚኒባስ ሹፌር ኑሬ ዛሬውኑ በእጅህ ይሰጥሃል። ሰኞ ስትሄድ ሁለቱንም ያዝ። ጥያቄ ካልመጣ ደብዳቤውን ከኪስህ አታውጣው። ጥያቄ ከመጣ ግን ለወንድሜ ብለህ እንዳትሳሳ፤ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርጋላቸው። እማዬን እኔው መጥቼ እግሯ ላይ ወድቄ እነግራታለሁ። ሳጥኑን መበርበሯን እንድታቆም ብቻ፣ ተገኘ በላት።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና አሁን ሰምተህ እንዴት ትላለህ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ትናንት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋጤ ውስጥ፣ ደስ አለኝ። የዚያን የኅዳር ሚካኤል ጥያቄዬን አሰላዎች መለሱልኝ። ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ለአንተ ሳይሆን ለሚጠይቁህ ሰዎች ነው።

በዚህ ዓመት በሐምሌና በነሐሴ ወር ሰይፈሚካኤል ኃይለየሱስ ነኝ ብዬ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ አያውቅም ነበር፤ ወረቀቱን የሰረቅሁት ከእናታችን ሳጥን ነው። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ። ሰይፈሚካኤል ግን ይህን ደብዳቤ ይዞ ፊታችሁ የቆመው ልጅ ነው።

ዲበኩሉ ኃይለየሱስ
ዕድሜ፦ ሃያ አራት
አዳማ፣ ነሐሴ ፳፻፲፯