አልጠግግ ስላለው የዓይኔ ቁስልና ስለ ክቡርነትዎ ፊርማ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከነባለቤቴ ከልብ እየተመኘሁ፣ ይህችን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን መሆኑን ከወዲሁ አስታውቃለሁ። ምስጋናዬ በዛ ስለሚል፣ እንዳይደባለቅብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

እኔን አያጡኝም፤ በሰፈራችን ሜዳ ለዓመታት ፊሽካ ስነፋ የኖርኩት የእግር ኳስ ዳኛ ነኝ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ተመልካቹ ዕውር እያለ ሲጠራኝ ኖሯል። አምና ግን የግራ ዓይኔ ነገሩን እውነት ሊያደርገው ተነሣ። በመጀመሪያ ግንባሬና የዓይኔ ዙሪያ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣብኝ። ባለቤቴ ስልክ ለሚደውል ሁሉ «አልማዝ ይዛው ተኝቷል» እያለች ስትመልስ፣ ሊያስታርቀን ቤታችን ድረስ የመጣ ዘመድ ነበር። ሽፍታው ደረቀ፤ ሕመሙም ለቀቀኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ግን ዓይኔ ይቀላና ይደበዝዝ ጀመር።

የሆስፒታልዎ የዓይን ሐኪም በቀጭን የጥጥ ክር የዓይኔን የፊት መስታወት፣ እሳቸው ኮርኒያ የሚሉትን፣ ነካ አድርገው ተሰማዎት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ምኑ ነው የሚሰማኝ ብዬ መልሼ ስጠይቃቸው ክሩን አስቀምጠው ካርዴ ላይ ጻፉ። ኋላ እንዳስረዱኝ፣ በሽታው የዓይኔን ስሜት የሚያመላልሰውን ነርቭ ጎድቶታል። ነርቩ ሕመም ከመናገር ሌላ መስታወቱ ሲላጥ ራሱን እንዲጠግን የሚረዳው እሱ ስለሆነ፣ እሱ ዝም ሲል ቁስሉም ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቅባቱም፣ ማለስለሻ ጠብታውም፣ እንደ ፋሻ ዓይን ላይ የምትለጠፈው ስስ ሌንስም ተሞከሩ። ቁስሉ አልጠግግ አለ።

ያኔ ሐኪሟ ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ በዓለም ላይ አሁን አሁን እየተሞከሩ ስላሉ ነገሮች አወሩኝ። አንዱ በስኳር ሕመምተኞች የምናውቀው ኢንሱሊን ነው፤ በጣም ቀጥኖ በንጽሕና ተዘጋጅቶ እንደ ጠብታ ዓይን ውስጥ ይገባል። ሌላው ከራሴ ደም ተቀድቶ፣ ቀዩ ተለይቶ የሚቀረው ውሃ ነው። አዲስ መሆኑን፣ ለሁሉም ሰው እንደማይሠራ፣ እኔንም ላያድነኝ እንደሚችል አልደበቁኝም። ባለቤቴ ይህን እንደሰማች ስኳር ካለባት አክስቷ ኢንሱሊን ልትበደር ቦርሳዋን አነሣች። ሐኪሟ ግን አላሳለፏትም፤ ልኩ ካልታወቀና ንጽሕናው ካልተጠበቀ ያለችውንም ዓይን ያጠፋል አሏት። ስለዚህ በደንቡ መሠረት ወደ ክቡርነትዎ አመለከትን። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ ጤንነቴ ላሳዩት ጭንቀት አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ኢንሱሊን የሚፈቀደው ለስኳር ሕመምተኛ ብቻ ነው ብሎ፣ ሕመምተኛ መሆኔ እንዲረጋገጥ ወደ ስኳር ክሊኒክ ላከኝ። እዚያም በባዶ ሆዴ አስቀምጠው መርምረው፣ ስኳር የለብህም ብለው እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። ጤነኛ በመሆኔም መድኃኒቱ ተከለከልኩ። በጤንነቴ የዚያን ቀን ያህል አዝኜ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ማቀዝቀዣው። ኢንሱሊኑ እስኪፈቀድ ተብሎ ሐኪሟና የላቦራቶሪው ሰዎች ደሜን ቀድተው፣ በማሽን አሽከርክረው፣ ወርቃማውን ውሃ በትንንሽ ጠርሙሶች ሞሉልኝ። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ስለነበር፣ ጠርሙሶቹ ስሜ ተለጥፎባቸው በክቡርነትዎ ኮሪደር ባለው ማቀዝቀዣ ተቀመጡ። ከዚያ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ክቡርነትዎም ለጽዳት ያለዎት ፍቅር የታወቀ ነውና፣ ማቀዝቀዣው ተራግፎ የታሸገ ውሃ እንዲደረደርበት አዘዙ። ደሜ በመታጠቢያው ገንዳ ፈሰሰ። እንግዶቹ የቀዘቀዘ ውሃ ጠጥተው ረክተው መሄዳቸውን ስሰማ፣ በዚህ መስተንግዶ ላይ የደም አስተዋጽኦ ያደረግሁ እኔ ብቻ በመሆኔ ኮራሁ። ላቦራቶሪው ግን መመሪያ እስኪወጣ ሁለተኛ አንቀዳም አለ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ለአፍታ ከቀልድ ውጪ ላነጋግርዎ። በዚያ ሰሞን ቁስሉ ወደ ውስጥ ይሰረስር ጀመር። ሐኪሟ መስታወቱ ሊበሳ ይችላል፣ እንዳይበሳ የዓይኑን ቆብ በከፊል ሰፍተን እንዘጋው ይሆናል አሉን። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። «መስፋት ከሆነማ እኔ ቤት አለሁ» ብላ አሳቀችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ የእሷ ሁለት ዓይን ከእኔ አንዱ ብሶ ቀልቶ ነበር። እኔም ዓይኔ ስለማያመኝ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልፈራሁትን ያህል ፈራሁ። የሚያም ነገር ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ መኖሩን አውቅ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ስፖርት ፍቅርዎ። የሆስፒታሉ ሠራተኞች ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሲያደርጉ ዳኛ ጠፍቶ እኔ ተጠራሁ። ግራ ዓይኔን ሸፍኜ፣ በቀኙ ፊሽካዬን ይዤ ገባሁ። ክቡርነትዎም በአጥቂነት ተሰለፉ፤ አለባበስዎ እጅግ ያማረ ነበር። ከእረፍት በኋላ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተው እጅዎን ዘርግተው ሲሮጡ፣ ረዳት ዳኛው ባንዲራውን አንሥቶ ቆሞ ነበርና ከጨዋታ ውጪ ብዬ ሻርኩት። ወደ እኔ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ አያይም እንዴ?» አሉኝ።

በዳኝነት ዘመኔ ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ኃላፊ ሲጠይቀኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

«አንዱ አያይም ጌታዬ» አልኩዎ። «ማመልከቻው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

በረኛ ሆነው የቆሙት አዋላጅ ነርስ የግቡን ቋሚ ተደግፈው ሲስቁ አይቻለሁ፤ ስማቸውን ግን ቢጠይቁኝም አልናገርም። ክቡርነትዎ በማግስቱ ፈረሙ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርዎ። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ኢንሱሊኑን አቅጥኖ በጠብታ አዘጋጀልኝ፤ ደሜም እንደገና ተቀዳ፤ ላቦራቶሪውም ማቀዝቀዣውን አስጠገነ። ባለቤቴ ጠብታዎቹን እያፈራረቀች የልብስ ስፌት መኪናዋን እያቆመች ትጨምርልኝ ነበር፤ ቀጥ ብዬ ካልተቀመጥኩ እንደ እጅጌ ትጎትተኛለች። ሐኪሟ በየቀጠሮው ብርቱካናማ ቀለም ዓይኔ ላይ ጣል አድርገው በሰማያዊ ብርሃን ሲያዩት፣ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። መጀመሪያ ባቄላ ያክል ነበር። ከዚያ ምስር አከለ። ከዚያም አንድ ቀን ሐኪሟ መብራቱን ወዲህ ወዲያ አመላልሰው፣ አጥፍተው፣ እንደገና አብርተው ካዩ በኋላ ቀስ ብለው «ጠግጓል» አሉ። ባለቤቴ ወንበሩን ሳታይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ዓይኔ እንደ ድሮው አልሆነም። ጠባሳው ትንሽ ጭጋግ ትቶልኛል፤ ስሜቱም አልተመለሰም፤ ስለዚህ በየማለዳው መስተዋት ፊት ቆሜ መቅላት አለመቅላቱን አያለሁ። ኢንሱሊኑ ይሁን የደሜ ውሃ፣ ወይስ ሁለቱ ተረዳድተው፣ ሐኪሟ እንኳ በእርግጠኝነት አይናገሩም፤ የአንድ ሰው መዳን ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። የባለቤቴን ፊት ግን በሁለቱም ዓይኖቼ አያለሁ፤ ስትቆጣ ጭጋጉ እንደ ጸጋ ያገለግለኛል።

አራተኛና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ለጋስነትዎ ነው። ፈቃድዎ «ለዚህ ታካሚ ብቻ» ይላል። ከእኔ ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ሲጠብቅ የከረመ አንድ ቀለም ቀቢ አለ፤ ጣሪያ ሲያድስ ኖራ ዓይኑ ውስጥ ገብቶበት የእሱም ቁስል አልጠግግ ብሏል። ለእሱ የሚሻለው፣ በቀዶ ሕክምና ከሚወልዱ እናቶች እንግዴ ልጅ ላይ የሚገኘው ስስ ሽፋን ታጥቦ ዓይኑ ላይ ቢለጠፍ ነው ይላሉ ሐኪሟ፤ እናቲቱ አስቀድማ ፈቅዳ፣ ደሟም ተመርምሮ ማለት ነው። የማዋለጃው ክፍል ከዓይን ክፍሉ በታች ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው። እኒያ በረኛ የነበሩት ነርስ አንዲትን ወላድ ትሰጪ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቋት፣ «ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ፣ ውሰዱት እንጂ» አለቻቸው አሉ። ፈቃድ ስለሌለ ግን ሽፋኑ በየቀኑ ወደ ማቃጠያው ይወርዳል፤ ቀለም ቀቢውም ላይ ሆኖ ጭሱን በደህናው ዓይኑ በመስኮት ያየዋል። እግር ኳስ አይጫወትም፤ ስለዚህ ክቡርነትዎን ሜዳ ላይ የሚያገኝበት ዕድል የለውም።

የሐኪሟ ማመልከቻ፣ ሽፋኑንም ጨምሮ ለሁሉም ታካሚ እንዲሆን ተስተካክሎ፣ ቢሮዎ ገብቷል። እርስዎ ከኮሚቴዎ ጋር መርምረው፣ ጥያቄ ካለዎት ጠይቀው፣ አይሆንም ካሉም ምክንያቱን ጽፈው እንዲመልሱልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ስብሰባ እየተመኘሁ፣
አንድ ዓይኑን በሕክምና፣ ትዕግሥቱን በኮሪደርዎ ያደሰው ታዛዥ ዜጋዎ፣
የሰፈሩ ዳኛ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ በትልልቅ ፊደል ማሳተሜ ለእርስዎ ዓይን አዝኜ እንዳይመስልዎ። አንዱን ቅጂ ከአግዳሚው ወንበር በላይ ስለለጠፍኩት ነው። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ቀስ ብለው ፊደል በፊደል ያነቡታል፤ የእርስዎ መልስ እስኪደርስ ደጋግመው ለመጨረስ በቂ ጊዜ እንዳላቸውም አረጋግጬላቸዋለሁ።