ባቡሩን ያቆመችው ሴት

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
ሰኔ ፲፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ለባለቤቴ፣
ድሬዳዋ

ከሰላምታዬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅህ። በደብዳቤ ወግ ጤናህ እንዴት ነው ተብሎ ይጻፋል፤ የተጻፈለትም ደህና ነኝ ብሎ ይመልሳል። ስምንት ዓመት እንዲህ ስንጻጻፍ ኖረናል። ዛሬ ግን ጤናህ እንዴት ነው ብዬ የምጠይቅህ መልስ ፈልጌ ነው። ምክንያቱ ጋ እስክደርስ ታግሠህ አንብብ፤ አስቀድሞ የምወቅስህ ነገር አለኝ።

እኛ በጌታ ቸርነት አለን። ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ቀለሟ ፈተና ላይ ናት፤ ካለፍኩ አባቴ ምን ያመጣልኛል እያለች ከወዲሁ ታስጨንቀኛለች። እናትህ ደህና ናቸው፤ የሰኔን ጾም ይዘው እኔን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ይገላምጡኛል። የስፌት መኪናዬ እየሠራች ነው፤ ለመስከረም የታዘዘ የተማሪ ዩኒፎርም አለብኝ። እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ጨርቅ ነጋዴው ደረሳ ባለፈው ወር ድሬዳዋ ሄዶ ነበር። ሲመለስ የስፌት ክሬን ሊያደርስልኝ መጣና ባልሽን አየሁት አለኝ። ደስ ብሎኝ ወንበር ሰጠሁት። አንተ የምትነዳው ባቡር ከአዋሽ ወዲያ፣ ጣቢያ በሌለበት፣ ከግራር በቀር ምንም በማይታይበት ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ አለኝ። ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ ብቅ ሲል፣ ከሐዲዱ ዳር ካለች አንዲት ጎጆ አንዲት ሴት ብርጭቆና ጣሳ ይዛ እየሮጠች መጥታ አንተ ያለህበት ወጣች። ደረሳ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የሐረር ሰው እየሳቀ፣ እዚህ መቆም የነጂው ልማድ ነው፣ ወሰኔ ሻይ ካላጠጣችው ባቡሩ አይንቀሳቀስም አለው። ደረሳ ነገር ማየት ይወዳልና ወርዶ ሄደ። ራስህን ክንዷ ላይ አስደግፋ፣ ላብህን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ሻዩን በማንኪያ ስታጎርስህ አየ። ከጣሳው ስኳር ስትጨምርም ቆጥሯል፤ አምስት ማንኪያ ነው።

አምስት ማንኪያ ስኳር። አንተ ቡናህን በጨው እንጂ በሌላ የማትጠጣ ሰው። በሠርጋችን ማግስት ስኳር ጨምሬ ባቀርብልህ ይኼ የሕፃን መጠጥ ነው ብለህ የመለስክልኝ ሰው።

ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም። ደረሳን ቶሎ አላሰናበትኩትም፤ ቁመቷን ጠየቅኩት። ተነሥቶ ቆመና እስከ ጆሮዬ ትደርሳለች አለኝ። ወገቧንስ አልኩት፤ ሸንቃጣ ናት አለ። ትከሻዋ ከኔ ይሰፋል ወይስ ይጠባል ብዬ ስጠይቀው አየት አደረገኝና ትንሽ ይጠባል አለኝ። ክንዷን፣ አንገቷን፣ ቀሚሷ የት ድረስ እንደሚወርድ ሁሉ ጠየቅኩት። ሰውየው በመጨረሻ ያቀረብኩለትን ሻይ ሳይጨርስ ሸሸ። ያን ቀን ከሰፋሁት ዩኒፎርም የአራቱን እጅጌ ገልብጬ ገጥሜ ኖሮ ስፈታ ዋልኩ።

በማግስቱ ባኬ ጃማ ሰፈር ወርጄ ዋቅወያ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ድሬዳዋ በባቡሩ ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ የለ፣ አንተንስ ሥራው ውስጥ ያስገባህ እሱ አይደል፤ የባቡር ነገር ከሱ ሌላ ማንን እጠይቃለሁ። ባቡር ሜዳ ላይ በራሱ ይቆማል ወይ አልኩት። በከሰሉ ጊዜ ነጂና እሳት አንዳጅ አብረው ስለሚሆኑ አንዱ ቢደክም ሌላው ነበር፤ ዲዝሉ ከመጣ ወዲህ ነጂው ብቻውን ስለሚቀመጥ ከእግሩ ሥር ፔዳል ተደርጎለታል አለኝ። ነጂው ፔዳሉን እስከረገጠ ድረስ ባቡሩ ይሄዳል። እግሩ ከተነሣ መጀመሪያ ፊሽካ ይጮኽበታል፤ ፊሽካውን ሰምቶ ካልመለሰው በቧንቧ ታምቆ ያለው አየር ይለቀቅና የፉርጎው ሁሉ ፍሬን በራሱ ይይዛል። ፈረንጆቹ የሞተ ሰው ፔዳል ይሉታል፣ ነጂው ቢሞት እንኳ ባቡሩ ሕዝቡን ይዞ እንዳይጠፋ ነው አለኝ።

ይህ ለኔ ከባድ ትምህርት አልነበረም። እኔም የምኖረው በእግሬ ነው። እግሬ ሲያርፍ መኪናዬ ትቆማለች፤ እግሬን ደግሞ ማንም መጥቶ አያነሣልኝም። ስለዚህ ፈረድኩብህ። ያቺ ጎጆ አጠገብ ስትደርስ እግርህን የምታነሣው አንተው ነህ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ፀሐይ ላይ አቁሞ ከውሽማው እጅ የሚጎርስ ባል አለኝ አልኩ።

ይባስ ብሎ የገናው ነገር ትዝ አለኝ። ለገና የመጣህ ጊዜ ሸሚዝህን ላጥብልህ ቦርሳህን ስከፍት በጥጥ የተጠቀለለ የሐኪም መርፌ አገኘሁ። ወንድ ልጅ መርፌ ደብቆ የሚዞረው ከየት ላመጣው በሽታ እንደሆነ የገበያ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ጥጡን እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩትና አራቱንም ቀን ቀለሟ አጠገብ ተኛሁ። ለምን ስትለኝ ልጅቷ ታስላለች አልኩህ። ምንም አላሳላትም ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ዓርብ ለባቡር መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሆነ። ስምህን፣ የወሰኔን ስም፣ ቦታውን፣ የስኳሩን ማንኪያ ቁጥር እንኳ ሳላስቀር አሰፈርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ በሕይወቴ እንዲህ እየጣፈጠኝ የጻፍኩት ነገር የለም። ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ስለቆየኝ እስከ ሰኞ ብዬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሁለተኛውን መዝሙር ስንጀምር፣ ከፊቴ የቆሙት ሽማግሌው ኦቦ ኩማ ወደቁ። ከመውደቃቸው በፊት ላብ ባንገታቸው ሲወርድ አይቼ ጠዋቱ እንዲህ ቀዝቅዞ ምን ሆነው ነው ብዬ ነበር። ሲናገሩ እንደ ሰከረ ሰው አፋቸው ተሳሰረ፤ እኚህ ሰው መጠጥ የሚባል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። የክሊኒኩ ድሬሰር መገርሳ ሰዉን እየገፋ መጣና ስኳር አምጡ አለ። ከጎረቤት የስኳር ጣሳ መጣ። ራሳቸውን ክንዱ ላይ አስደግፎ፣ ላባቸውን እየጠረገ፣ ስኳሩን በውኃ በጥብጦ በማንኪያ አጎረሳቸው። ስንት ማንኪያ እንደጨመረ ቆጠርኩ። አምስት ነው።

ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና መዝሙሩን ማን አቋረጠው ብለው ተቆጡ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ መገርሳን በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት። የስኳር በሽታ አለባቸው አለኝ። በየጠዋቱ መርፌ ይወጋሉ፤ ከመርፌው በኋላ እህል ሳይቀምሱ ከቆዩ በዚያችው ሰዓት ይጥላቸዋል፤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን እንዳይረፍድባቸው ብለው ሳይበሉ ወጡ አለኝ። መርፌውን አሳየኝ ብዬ ለመንኩት። ክሊኒክ ወስዶ አሳየኝ። በጥጥ የተጠቀለለ ነበር።

ገና ላይ እንስራውን ውኃ አንድ ቀን ሳይሞላው ትጨርሰው ነበር። ቀበቶህ ላይ በምስማር የበሳሃቸው ሁለት አዲስ ቀዳዳዎች ነበሩ። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። የሌላ ሴት ምልክት ስፈልግ ስለነበር ግን አንተን አላየሁህም። ስለዚህ ነገር ይቅር በለኝ፤ ይቅርታ የምጠይቅህ ስለዚህ ብቻ ነው።

ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ዋቅወያ ጋ ሄድኩ። ሰው ራሱን ቢስት እግሩ ከፔዳሉ ላይ ይነሣል ወይ አልኩት።  ተንሸራትቶ ከወደቀ መልካም፣ ባቡሩ ይቆማል አለ። እግሩ ደርቆ ከቀረ ወይም ጉልበቱ ላይ ከተደፋ ግን የራሱ ክብደት ፔዳሉን ረግጦ ይይዘዋል፤ ፔዳሉ የሞተውን እግር ከሕያው እግር አይለይም አለኝ። ጋራዥ ሳለ አንድ ቀን የመፍቻ ከረጢቱን ጭኖበት ሞክሮታል። ከረጢቱ ነዳው አለኝ። ለምን ነው የምትጠይቂው ሲለኝ እንዲያው ነው ብዬው ወጣሁ።

እስካሁን ስትወድቅ ሁሉ እግርህ ተንሸራትቷል ማለት ነው። ቤቴ ገብቼ ተንበርክኬ አመሰገንኩ። ከጸሎቱ ስነሣ ቅናቴ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ ባሰብኝ። ውሽማ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከውሽማ ጋር እጣላለሁ፣ ፀጉር እነጫለሁ። ከዚህች ሴት ጋር በምን እጣላለሁ? ስትወድቅ ፊትህ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በስንት ማንኪያ እንደምትመለስ ታውቃለች። ዓይንህን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታያት እሷን ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሚስትህ ሆኜ የማውቀው የቡናህን ጨው ነው።

ለምን እንደደበቅከኝ አላጣሁትም። እናትህ ቢሰሙ ጠበል ይሉሃል፤ እኔ ብሰማ ውረድ እልሃለሁ። መውረድ አትፈልግም። ባቡሩን ከኔ ትወደዋለህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ስምንት ዓመት ሙሉ በሳቅ ነው ያለፍከኝ፤ እንግዲያው በእሱም ቀንቻለሁ። ነገር ግን ከኋላህ ተጭኖ የሚሄደው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አለው። አንተም አለህ።

ሰኞ ጠዋት በዝናብ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ለመሥሪያ ቤትህ የላክሁት ኤንቨሎፕ ከዓርቡ የቀለለ ነው፤ ያለበት ታሟልና ሐኪም ይየው የሚል አንድ ገጽ ብቻ ነው። ወሰኔ የሚል ስም የለበትም። የዓርቡን ሦስት ገጽ እሳት አንድጄበታለሁ።

ይህኛው በደረሳ እጅ እስኪደርስህ ያኛው ቀድሞ ደርሶ ይሆናል። ሐኪም ፊት ሲያቀርቡህ ጓደኞችህን አትጠርጥር። ወሰኔንም አትጠርጥራት፤ እሷ ምስጢርህን ጠብቃልሃለች፤ ያልጠበቅኩልህ እኔ ነኝ። ከተቀየምከኝ እዚሁ መጥተህ ተቀየመኝ፤ ቤቱ ለኩርፊያም ይበቃል። መገርሳ መርፌ እንዴት እንደሚቀቀል አሳይቶኛል፤ ብርቱካን እየወጋሁ እጄን አፍታትቻለሁ። የጨው ዕቃ ብቻ የነበረበት መደርደሪያ ላይ አሁን የስኳር ጣሳ አለ። ዋቅወያም ወፍጮው ሰው ይፈልጋል ብሎኛል። የወፍጮ ሠራተኛ ቢወድቅ የሚቆመው ዱቄት ነው።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀሚስ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ለወሰኔ ነው። ልኬቷን በዚያች በቀናሁባት ቀን ከደረሳ አፍ ሰብስቤው ስለነበር ሳላያት ሰፋሁላት። ወገቡን በመጠኑ ጠበብ አድርጌዋለሁ፤ ደረሳ አጋኖ እንደሆነ ሲለበስ ይታያል። ባሌን በሕይወት ላቆየችልኝ ሴት ቀሚስ ምንም አይደለም፣ ብድሯን ጌታ ይክፈላት ብላለች በላት። ብቻ ቀሚሱን አንተ በእጅህ እንዳትሰጣት። ደረሳ ይስጣት።

እናትህ መርቀውሃል። ቀለሟ ጉልበትህን ስማለች። ሰው ሁሉ ለሚወደው እግሩ እንዳይንሸራተት ይጸልያል። እኔ ደግሞ ወደ ቤትህ እስክትመጣ ድረስ፣ በወደቅክ ቁጥር እግርህን እንዲያንሸራትትልኝ ጌታን ጠዋት ማታ እለምነዋለሁ። አሜን በል።

ባለቤትህ፣
የቀለሟ እናት