ለዓሦቻችን ፓውዛ ለሰቀሉልን ክቡር ሰብሳቢ

ወለደች! ክቡር ሰብሳቢ፣ ወለደች! ሰላምታው ትንሽ ይቆየኝና፣ በመግቢያችን አዳራሽ ባለው አኳሪየም ውስጥ ያቺ ጅራተ ብርቱካኗ ዓሣ ወልዳ፣ ልጆቿ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ በቅጠሉ መሐል እየተሯሯጡ ነው!

አሁን ወደ ወጉ ልመለስ። የተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ዓይንዎን እንኳ አልጠይቅም፤ እኛን ባሳወረን ፓውዛ ሥር ሳያርገበግቡ ስብሰባ ሲመሩ አይቼ ደህንነቱን አረጋግጫለሁ። ይህን ደብዳቤ በሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ «አኳሪየሙ እስከ ወሩ መጨረሻ ከአዳራሹ ይነሣ» የሚለው ማስታወቂያዎ ብቻውን ሆኖ እንዳይከፋው ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መብራቱ ምርጫ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለውሃ ተክሎቹ ለስለስ ያለ መብራት ይገዛ ብዬ ባመለክት፣ ኮሚቴው ተሰብስቦና ተከራክሮ፣ ዓሣውም ደረጃውም ሌባውም በአንድ መብራት እንዲታይ ከመኪና ማቆሚያው የተነሣውን ፓውዛ በሙሉ ድምፅ አጸደቀልን። ሒሳብ ሹማችን ቅር እንዳይላቸው ደግሞ የእርሳቸው ሐምራዊ አምፖል ከጎኑ ተሰቀለ። አባቴ አንዴ አይተው «ልጄ፣ ይሄ የዓሣ ቤት ነው የጭፈራ ቤት?» አሉና ወንበራቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

ሁለተኛ፣ ፓውዛው ሌት ተቀን ሲነድ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፣ መስታወቱን አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር አለበሰው፣ ተክሎቹም ታፍነው ቅጠላቸው ረገፈ። እርስዎ ግን «አረንጓዴ ይሁን አላችሁ፣ ይኸው ሆነ!» ብለው ስብሰባውን አስጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ሲያጨበጭብ እጅ ብቻውን አይቀመጥም። ውሃው መሽተት ሲጀምር ጥፋቱ የዓሦቹ ሆነና ይነሡ ተባለ።

ሦስተኛውን አልቀልድበትም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባባን ከክፍላቸው የሚያስወጣቸው ይህ አኳሪየም ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ሲነዱ ስለኖሩ ዓሦቹ ተሳፋሪዎቻቸው ናቸው፤ አፏን የማትዘጋውን «ረዳቷ» ይሏታል፣ ከጥግ የማይነቃነቀውን «ወራጅ አለ!» እያሉ ያስነሡታል። ፓውዛው ሲሰቀል ዓሦቹ ከድንጋዩ ሥር፣ አባባ ከብርድ ልብሱ ሥር ተደበቁ።

ስለዚህ እርስዎን ማስቸገር አሳፍሮኝ ሁለቱንም መብራት አወረድኳቸው። ዓሦቹን የሸጠችልን ሴትዮ እንዳስረዳችኝ፣ ዋናው ነገር መጠኑ ነው፤ ብርሃን ሲበዛ ከተክሉ የተረፈው ለአልጌ ቀለብ ይሆናል፣ ተክልም እንደ ሰው ማታ ማረፍ አለበት። አነስ ያለ ነጭ መብራት መርጬ ከውሃው ራቅ አድርጌ ሰቀልኩ፤ ጠዋት አበራለሁ፣ ሲመሽ አጠፋለሁ። ውሃው ቀስ በቀስ ጠራ፣ የአባባ ወንበር ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ቅጠሉም ጥቅጥቅ አለ። ድሮ ሕፃናቱ መደበቂያ አጥተው በትልልቆቹ ይበሉ ነበር፤ አሁን ጫካ አላቸው። ዛሬ ጠዋት የአባባ ድምፅ ደረጃውን ሞላው፤ «ልጄ! ነይ ውረጂ! ይቺ ሴትዮ ትርፍ ጭናለች!» ድምፃቸውን እንዲህ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

ብርሃንዎ የበዛብኝ፣ አክብሮቴ ግን ያልጎደለብኝ፣ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የሹፌሩ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የዓሦች አያት።

የደብዳቤው ጅራት፦ ፓውዛው አልጠፋም፣ እንዳይሰጉ። በኮሚቴው መሰብሰቢያ ክፍል ሰቅዬልዎታለሁ፤ እዚያ የሚበቅል ነገር ስለሌለ ማንንም አይጎዳም። ጎረቤቶች ሁሉ፣ ኮሚቴውም ሳይቀር፣ ለምሥራቹ አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ። እርስዎ ሲመጡ ያቺን ማስታወቂያ ከሰሌዳው ነቅለው ይዘው ይምጡ፤ አባባ በር ላይ ቆመው እንደ ቲኬት ይቀበሉዎታል። ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ትርፍ ይጫናል!