ሦስት ጠርሙስ እርሾ

ውድ ትርንጎ፣

ከተለያየን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አንቺ የታመሙትን እናትሽን ልታስታምሚ ጎንደር መንደራችን ቀረሽ፤ እኔ ልጃችንን ስንዱን ይዤ አዲስ አበባ ወረድኩ። ከኋላችሁ እደርሳለሁ ብለሽን ነበር። አሁን የምንኖረው እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት የሚሉት ከተማ ነው፣ ፎቅ ቤት፣ ሦስተኛው ደርብ ላይ። እኔ ከከተማው ዳር ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ጨርቅ እጠቀልላለሁ። ልጅሽ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ዕብራይስጡን ስለምትችል ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ሲመጣ የምታነብልኝ እሷ ናት።

የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ማረፍሽን ያረዳኝ ወንድምሽ አዲስ አበባ ድረስ የላከው ሰው ነው። ለስንዱ አልነገርኳትም። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ መንገዱ ይከብዳታል አልኩ። ከደረስንም በኋላ ቤት እስክናገኝ፣ ቋንቋውን እስክትለምድ እያልኩ አቆየሁት። ስትጠይቀኝ እናትሽ ትመጣለች እላት ነበር። ኋላ መጠየቁን ተወችው፤ እኔም ተመስገን አልኩ።

ከሁለት ወር በፊት አስተማሪዋ ስለ እርሾ የሳይንስ ሥራ ሰጠቻት። እዚህ ሽማሪም ይሉታል፤ ከሱቅ ገዛንላት። በሦስት ጠርሙስ እርሾና ስኳር ጨመረች። አንዱን በቀዝቃዛ ውሃ፣ አንዱን ለብ ባለ፣ አንዱን በፈላ ውሃ በጠበጠችና በየአፋቸው ፊኛ አሰረች። እኔ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። የለብታው ፊኛ ተነፋ። የቀዝቃዛው እንደተልፈሰፈሰ ቀረ፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ብናቆመው ግን እሱም ቀስ እያለ ተነሳ። የፈላው ምንም ብናደርገው አልተነሳም።

«ይኸ ተኝቶ ነው ሞቶ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሞቶ ነው አልኳት። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«እናቴስ?» አለች።

የያዝኩትን ሰዓት አስቀመጥኩ። እሷ ናት የጨረሰችው።

«ጎንደር በሚሄድ ሰው ሁሉ ለእናቴ ሰላምታ ይልኩ ነበር። አዲስ አበባ ሳለን ተዉ። ያኔ ነው ያወቅሁ። እርስዎ እስኪነግሩኝ ነበር የጠበቅሁ።»

እኔ ደበቅኳት ስል፣ እሷ ሐዘንሽን ብቻዋን ይዛ ኖራለች። መርዶሽን በወጉ የነገርኳት ያን ቀን ነው። አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ፊት አልቅሼልሽ አላውቅም።

ረቢውን ብጠይቀው መርዶው ከቆየ ለሐዘን አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል አለኝ። እኔ ግን ከፋብሪካው ፈቃድ ወሰድኩና ሰባቱን ቀን ሙሉ ሐዘን ተቀመጥን። የአገራችን ሰዎች መጡ። አስተማሪዋም መጣች፤ ቋንቋ አላግባባን ቢል ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። የስንዱን ሥራም ቢዘገይ እንኳ ተቀበለቻት። ልጅሽ ክፍሉ ፊት ቆማ አስረድታ መጣች። ምን እንዳለች አልነገረችኝም፤ ጥሩ ነበር ብቻ አለችኝ።

ያረፍሽበትን ቀን አላውቀውም። መልእክተኛው ገብስ ሲታጨድ ነው ያለኝ እንጂ ቀን አልቆረጠልኝም። ስለዚህ ከስንዱ ጋር የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርደን ስናየው ዋልን። አገር ቤት ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን የሚውለው የሲግድ በዓላችን ባለፈ በሦስተኛው ቀን ይሁን አለች። በየዓመቱ በዚያ ቀን ስምሽን እንጠራለን፣ እኔ ባልኖር እሷ ትጠራዋለች። ቀኑን ስተን ከሆነ ይቅር በይን።

ባልሽ