ያላጠብኋቸው ጨርቆች

ፋግታ ለኮማ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለማስተዋል፣

እንደምን ከርመሻል? ትምህርትሽስ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ሰሞኑን ከደስታዬ ብዛት መጠዝጠዙን ረስቶታል። የኖርዌይ ብርድ ጠናብሽ ወይ? የእንጅባራን ብርድ የቻለች ልጅ አትሸነፍም ብዬ እጽናናለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ፣ ሁላችንም ደህና ነን። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁና በድምፅ የማልደፍረው ነገር ስላለኝ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድም ታገሽኝ።

መጀመሪያ ደስታውን ልንገርሽ። ልጄ ደረሰ አባት ሆነ፤ ሚስቱ የምስራች ወንድ ልጅ ተገላገለች። እሷም ልጁም በሕይወት አሉ። "በሕይወት አሉ" ያልሁሽ ያለ ነገር አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ልንወስዳት ስናስብ ድንች ስትለቅም ምጥ ያዛት። ቃሬዛ እስኪመጣ እንኳ አልጠበቀንም፤ ልጁ እቤት ዱብ አለ፣ እንግዴ ልጁም ተከተለ። ሴቱ ሁሉ እልልታውን ሲያቀልጠው የእኔ ዓይን ከሥሯ ካነጠፍሁት ጨርቅ ላይ ነበር። አንቺ ለጥናትሽ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞርሽ ያደልሻቸው፣ እኩል የተቆረጡት ነጫጭ ጨርቆች! "ሁለት ከራሰ መመካከር የለም፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው" ትዪ አልነበር? የመጀመሪያው ወዲያው ራሰ። የየምስራች እናት ዘውድነሽ እንደ ልማዳችን ጠቅልላ ልታጥበው ወደ ወንዝ ተነሳች።

"አስቀምጪው!" አልኋት።

"ኧረ ሽታዬ፣ ምን ነካሽ? የልጄን ደም ወንድ ይየው?"

"ዓለም ይየው! ንክች አድርጊውና እንተያያለን!"

በአገውኛ የመለሰችልኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛው ሲርስ የምስራች "ዓይኔ ጨለመብኝ" አለች። እንዳስተማርሽን ሕፃኑን ጡቷ ላይ አስያዝሁ፣ ሆዷን እያሸሁ ደረሰን ወደ መንገድ አስሮጥሁት። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። መንገድ ዳር ግን የጫግኒው ሾፌር ሰልማን አይሱዙው ላይ ከሰል እያስጫነ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ጆንያውን መሬት ላይ ዘረገፈው፤ እኛም ፍራሽ አነጠፍንበት። እንጅባራ ሆስፒታል ስንደርስ ሁላችንም ጠቁረን ዓይንና ጥርስ ብቻ ቀርተናል። ሰልማን እስከ ዛሬ "የሕፃኑን ስም ከሰል በሉት" እያለ ያሾፍብናል።

ሐኪሙ "ምን ያህል ደም ፈሰሳት?" ሲል ጨርቆቹን ከላስቲክ አውጥቼ ዘረጋሁለት። በመንገድ ከራሰው ጋር ሦስት ነበሩ። አንዴ አያቸውና ደም እንዲመጣ ጮኸ። የምስራች ነፍስ ከዘራች በኋላ ተመልሶ መጣ።

"እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?"

"ልጄ።"

ስምሽን ብነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። "ያ የጨርቁ ጥናት? የእርስዎ ልጅ ናት እንዴ የሠራችው?" ብሎ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ጨርቆቹን አሳያቸው። ፊቴ ከሰል እንደ ለበሰ ደረቴን ነፍቼ ቆምሁ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም፣ ልጄ! ዘውድነሽ እንኳ አሁን ማኅበር ላይ "ደሙ ሳይታይ እንዳታጥቡ!" እያለች ትሰብካለች፤ ራሷ የፈለሰፈችው ነው የምታስመስለው። ትበል፣ ተውኋት።

አሁን ወደማልደፍረው ልግባ። እናትሽ ሙሉወርቅ አንቺን ስትወልድ አጠገቧ የነበርሁት እኔ ነኝ። ደሟን ወንድ እንዳያየው ጨርቁን እያነሣሁ ወንዝ እየወረድሁ አጠብሁ። ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረምሶች ደጅ ተቀምጠው ነበር። አባትሽ "እንዴት ናት?" ሲለኝ "ደህና ናት፣ ደክሟት ነው" አልሁት። አመነኝ። የመጨረሻውን አስጥቼ ስገባ እህቴ ትንፋሽ አልነበራትም።

አንቺን "ድንገት ነው" እያልሁ አሳደግሁሽ። ለጥናትሽ አሮጊቶችን ስትጠይቂ የእኔም ተራ ደርሶ "አክስቴ፣ ስንት ጨርቅ ነበር?" ብለሽ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ጠበቅሽኝ። "አላስታውስም" ብዬ አስጻፍሁሽ። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው። የምስራችን ደግፌ ከሆስፒታሉ በር ስወጣ ግን ያ ፍርሃት ለቀቀኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው። የዳኑት እናቶች ምርቃት ባለሽበት ይድረስሽ፤ አንቺም በሰላም ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ። መዝገብሽን ስትከፍቺ "አላስታውስም" የሚለውን ሰርዢልኝ።

አምስት ነበር።

አክስትሽ
ሽታዬ