ያልታጠበው ሽርጥ

አዱዬ፣ እንዴት ነሽ? ውሻዬ ቡላ አንቺ ቤት እህል እንቢ ማለቱን ከነገርሽኝ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም።

እዚህ ጭሮ ያከራዩኝ እማማ ኩብራ መንገድ የሚወጡ ነጋዴዎችን ውሻ ያቆያሉ። ትናንት ጎረቤታቸው አብዱላሂ ለቡና ንግድ ወደ መቻራ ሊሄድ ሲል ውሻውንና አንድ ሽርጥ ይዞ መጣ። እማማ ሽርጡን አሸተት አደረጉና መልሰው ወረወሩለት።

«አጥበኸው መጣህ? ውሻው ሳሙና ነው የሚናፍቀው? የለበስከውን አምጣ!»

ምስኪን፣ ሰው ቤት የቆሸሸ ልብስ ማምጣት ነውር መስሎት ነው። በር ጀርባ ገብቶ ያገለደመውን ፈታና የታጠበውን ለብሶ ሄደ። ውሻው ጥቂት ሲያላዝን ቆየ፤ ከዚያ ሽርጡ ላይ ተጠቅልሎ ተኛ። ማታ እራቱን ጥርግ አደረገ!

እኛ ጋ ውሻ ማቆያ ሲሰጥ የሚጠየቀው ክትባቱ ነው። እማማም ጠይቀዋል፤ እኛ ጋ ግን ሽታ የጠየቀኝ የለም። ጠረኑ ስንት ቀን ይቆያል ብላቸው፣ «እኔን ምን ትለኛለህ? ውሻውን ጠይቀው» አሉኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። ይህን ፖስት ካርድ ዛሬ በዚህ ሙቀት ከሸሚዜ ስር ይዤው ነው የዋልኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ ከቡላ ሳህን አጠገብ አስቀምጪለት።

ጌዲዮን